ርጥቡ ምርጊት

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የወርካ ሥር ገበሬዎች ማኅበር ኮሚቴ መጋዘኑን ያስከፈተው ሌባ ጠርጥሮ አልነበረም፤ ዓርብ ቀትር ላይ የወረደው በረዶ ጣሪያውን በስቶት እንደሆነ ለማየት ነበር። ጣሪያው ደኅና ነው። የማዳበሪያው ጆንያ ደረቅ፣ የማሾው ክምር ደረቅ። ይሁን እንጂ ከኋለኛው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የቆመው መደርደሪያ ባዶውን ነበር። ለሠላሳ ሁለት አባወራ የተገዛው ሠላሳ ሁለት ጣሳ የሽንኩርት ዘር፣ ኮሚቴው ራሱ ሐሙስ ወደ ማምሻው አይቶ ያስቀመጠው ዘር፣ አንድም ሳይቀር ጠፍቷል።

የማኅበሩ ንብረት ያዥ ጁነይድ ባዶውን መደርደሪያ ሲያይ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ደጃፉ ላይ ዝርፍጥ አለ። ድንጋጤው የውሸት አይመስልም ነበር፤ እንዳልነበረም በኋላ ታውቋል።

በሩ አልተሰበረም፤ ጓጉንቸሩ አልተነካም። ቁልፉ ያለው ሁለት ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ጁነይድ፣ ሌላው ዘበኛው አሊዪ። ጁነይድ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከሰው መካከል ስለ መዋሉ ምስክር ሞልቶታል። አሊዪ ግን እንደ ሥራው ጠባይ ከመጋዘኑ ጋር ብቻውን ነበር የዋለው። ጁነይድ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጣቱን ወደ ዘበኛው ቀሰረ። ፀሐዩ ሳይበረታ አሊዪ በፖሊስ መኪና ተጭኖ ወደ ሸዋ ሮቢት ተወሰደ።

ጉዳዩ ከኢንስፔክተር ኸድር እጅ የገባው እሑድ ጠዋት ነው። ኢንስፔክተሩ የአሊዩ አምባ ከተማ ተወላጅ፣ የድንጋይ ግንበኛ ልጅ፣ ከሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎት በኋላ እንኳ ወደ አንድ ቤት ሲገባ ከሰዎቹ ፊት ግድግዳውን የሚያይ ሰው ነው። አዛዡ ኮማንደር መዝገቡን ሲሰጠው ነገሩን አሳጠረው። ዘበኛው ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ፖሊስ የአሥራ አራት ቀን የምርመራ ጊዜ ይጠይቅበታል፤ እስከዚያ ሌላ ነገር ከተገኘ መልካም፣ ካልተገኘ ግን ዘበኛው ከተያዘበት ንቅንቅ አይልም።

በረንዳው ላይ አንዲት ወጣት ለእስረኛ የሚገባ ምግብ በፌስታል ይዛ ቆማ ነበር። የአሊዪ ልጅ ኢልሀም ናት። ኒካሐዋ ለመጪው ሐሙስ ተቆርጧል። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ከካራቆሬ መልእክት ልከው፣ የሰኞውን የፍርድ ቤት ቃል ሳይሰሙ እንደማይመጡ፣ አባቷ በሌብነት የጊዜ ቀጠሮ ከተሰጠበት ደግሞ ከዚያ ቤት ልጅ እንደማይወስዱ አስታውቀዋል። ይህን ሁሉ እንባ ሳታወጣ ነገረችው።

«አባቴን ፍቱልኝ አልልም» አለች። «ሌባ ካልሆነ ግን ከነገ ሦስት ሰዓት በፊት ይታወቅ።»

አሊዪ በበኩሉ የሚናገረው ጥቂት ነበር። ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጋዘኑን ቆልፎ ለጁሙዓ ሶላት ወደ መስጊድ ሄደ። ዘግይቶ ስለ ደረሰ ከሁሉ ኋላ፣ ከጫማዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። በረዶው ካባራ በኋላ ተመለሰ፤ በሩ እንደ ቆለፈው ነበር።

«ቁልፉስ?»

«ወገቤ ላይ።»

«መስጊድ ውስጥ ማን አየህ?»

«አላህ።»

«ከአላህ ሌላስ?»

«ከበስተኋላ የተቀመጠን ሰው ማን ዞሮ ያየዋል፣ ጌታዬ? ሰው የሚያየው ወደ ቂብላ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ከረዳቱ ከሳጅን ማርታ ጋር ጀውሃን አልፎ ወደ ወርካ ሥር ሲታጠፍ፣ የበረዶው መንገድ የት እንደ ጀመረና የት እንዳበቃ ከመኪናው ሆኖ ለማየት ይቻል ነበር። የአንዱ ማሳ ማሽላ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የጎረቤቱ ተወቅቶ ተኝቷል። በረዶው የእርግብ እንቁላል ያህል እንደ ነበረ፣ ልክ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ እንደ ጀመረ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ወርዶ እንዳቆመና ከኋላው የተከተለው ዝናብም ጥቂት እንደ ነበረ ያገኙት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገራቸው። ነፋሱ ከምሥራቅ ነበርና ጉዳቱን የተቀበሉት ወደ ምሥራቅ የዞሩ ግድግዳዎች ናቸው።

ኢንስፔክተሩ ወደ መጋዘኑ ከመግባቱ በፊት መንደሩን በእግሩ ዞረ። ማርታ ለምን እንደሚዞር አልጠየቀችም፤ ዐመሉን ታውቀዋለች። የመንደሩ ሽማግሌ የሐጅ ቃሲም የድንጋይ ቤት ኖራው እዚህም እዚያም ተላልጧል እንጂ ድንጋዩ በረዶ መውረዱንም የሰማ አይመስልም። የትምህርት ቤቱ የብሎኬት ግድግዳ ቀለሙ በሳንቲም ልክ እየሆነ ተቀርፏል። ቆርቆሮ የለበሱት ቤቶች ከዳር እስከ ዳር ተሰርጉደዋል። የጭቃ ቤቶቹ ደግሞ ምርጊታቸው ሰፋ ሰፋ ብሎ ተልጦ ጭዳቸው ወጥቷል፤ ጠባሳው ሰፊ ነው፣ ጥልቀት ግን የለውም።

መጋዘኑ እንደ ማኅበሩ አቅም በየዘመኑ የተቀጣጠለ ቤት ነው። መንገዱን የሚያየው ፊቱ በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት፣ ሁለቱ ጎኖቹ ቆርቆሮ፣ ወደ ምሥራቅ የዞረው ጀርባው ግን ሳይታደስ የቀረ የድሮ ጭቃ ግድግዳ ነው። ማርታ በሰሜኑ ጎን ያለውን ስርጉድ እያየች ቆርቆሮውን በመዶሻ መትቶ ሊያላቅቅ የሞከረ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። ኢንስፔክተሩ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነካካ፤ ሁሉም ዝገታቸውን እንደ ለበሱ ናቸው። ስርጉዱም ወደ ምሥራቁ ጥግ ይበዛል፣ ወደ መንገዱ እየሄደ ይሳሳል።

«ይህ የበረዶ ሥራ ነው» አለ። «መዶሻ የያዘ ሰው እንዲህ አያዳላም።»

ከዚያ በጀርባ ዞረው የጭቃውን ግድግዳ አዩ። እንደ መንደሩ ጭቃ ቤቶች ሁሉ ተልጧል። ከመሬት በጉልበት ከፍታ ላይ ግን፣ ወርዱም ቁመቱም አንድ ክንድ በሚሆን ቦታ፣ ጠባሳው ሌላ ነው። አልተላጠም፤ ተወግቷል። ክብ ክብ የሆኑ ጉድጓዶች፣ ከንፈራቸው ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ እንዳሉ ደርቀዋል። ኢንስፔክተሩ ተንበርክኮ ትንሿን ጣቱን ከአንዱ ውስጥ ከተተ፤ እስከ መጀመሪያው አንጓ ገባች።

«ማርታ፣ ሊጥ ላይ ጠጠር ቢወድቅ ምን ይሆናል?»

«ይሰምጣላ።»

«ዳቦ ላይስ?»

«ፍርፋሪ ያነሣል እንጂ አይገባም።»

«ያኛው ሁሉ ዳቦ ነበር» አለ በእጁ ዙሪያውን እያሳየ። «ይህቺ ግን በረዶው ሲወርድ ገና ሊጥ ነበረች።»

በዚያ ቆላ ፀሐይ ስስ ምርጊት ፊቱን ለማድረቅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። እንግዲህ ይህ ጭቃ የተለጠፈው ከሰባት ሰዓት ከሩብ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፤ የመንደሩ ወንድ ሁሉ መስጊድ በነበረበት ሰዓት ማለት ነው። ፎቶ አንሥተው፣ ልኩን ለክተው፣ ወደ ውስጥ ገብተው መደርደሪያውን ፈቀቅ አደረጉት። ከኋላው አንድ ማገር ተቆርጧል፤ ቁራጩ ገና ነጭ ነው። በዚያ ቀዳዳ ሰው አይገባም። እጅ ግን ይገባል፤ በእጅ የተያዘ ጣሳም አንድ በአንድ ይወጣል።

ስለዚህ ቁልፉ ምንም ያደረገው ነገር የለም። ኢንስፔክተሩ ይህን ለኮማንደሩ በስልክ ሲነግረው ኮማንደሩ አልተደነቀም። ብቻውን የዋለ ዘበኛ ራሱ ሊቆፍር፣ ጥርጣሬ እንዳይመጣበትም ራሱ ሊደፍን እንደሚችል መለሰለት።

ሐጅ ቃሲም ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ቁመታቸው ያልጎበጠ፣ ቃላቸውን እየመዘኑ የሚናገሩ ሰው ናቸው። በረዶው የመስጊዱን ቆርቆሮ ጣሪያ ሲወቃው ኹጥባው እንደ ጠፋባቸው፣ የኢማሙ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እያዩ ድምፁን ግን እንዳልሰሙ ተረኩለት። ኢንስፔክተሩ አሊዪን አይተውት እንደሆነ ሲጠይቃቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተመለከቱ።

«ይህን የምነግርህ ለአንተ ነው። ይህን ጫማ ታየዋለህ? ልጄ ከጅዳ የላከልኝ ነው። ዓርብ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። በረዶው ሲጀምር ዞር አልኩ፤ አሊዪ ብድግ ብሎ ደጅ የነበረውን የሰው ሁሉ ጫማ በእቅፉ ሲያስገባ አየሁት። ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ንጹሕ ነበር።»

«ጭቃ አልነካውም?»

«ጭቃ የነካው ሰው ጫማዬን እንዲያቅፍ እተወዋለሁ? ግን ኹጥባ ላይ ዞር ብዬ ጫማዬን እንዳየሁ ኢማሙ እንዳይሰማ።»

«ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለብኝ፣ ሐጅ።»

ሽማግሌው ጫማቸውን አዩ። «እንግዲያው አዲስ ጫማ መሆኑንም ጻፈው።»

ይህን ሲሰማ ኮማንደሩ አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ ሄደ። ዘበኛው ራሱ ባይቆፍርም ቦታውን ለቅቆ ያመቻቸለት ሰው ይኖራልና፣ ተባባሪው እስኪያዝ ወይም ዘሩ እስኪገኝ ድረስ ጊዜ ቀጠሮው እንደማይቀር ተናገረ። ሰዓቱ ስምንት ሆኗል።

ጁነይድ የሚኖረው ከእናቱ ጋር፣ ከመጋዘኑ ሁለት አጥር ተሻግሮ ነው። ምስክርነቱን ደግሞ ለመስጠት ቸኩሎ ነበር፤ ስለ አሊዪ ድህነት፣ ስለ ልጁ ሠርግ ወጪ፣ ስለ ቁልፉ ብዙ ተናገረ። እናቱ ወይዘሮ ራቢዓ፣ ከሲታ፣ ጠንካራ፣ ስድሳ ዓመት ግድም የሆናቸው ሴት፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ለእንግዶቹ ፓፓያ ይቆርጡ ነበር። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ በወረደው ሻሻቸው ውስጥ ከተው በግራቸው ነው የሚቆርጡት። ቤቱ ርጥብ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። አንደኛው ግድግዳ ሥር አዲስ የተሠራ የጭቃ መደብ ነበርና ኢንስፔክተሩ ሊቀመጥበት ሲል ወይዘሮ ራቢዓ ቀና አሉ።

«እሱ ላይ አትቀመጥ፣ ልጄ። ምርጊቱ አልጠናም፤ ሱሪህን ያበላሽብሃል።»

ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ዱካ ስቦ ተቀመጠ። በሚሄድበት ጊዜም ሴትዮዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«አሊዪን ምን ያደርጉታል?»

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት እንደሚቆም፣ ምናልባትም አሥራ አራት ቀን እንደሚታሰር ነገራቸው። ቢላዋቸው ፓፓያው መካከል ላይ ቆመ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ቁልቁል ወረደ።

ዓርብ ቀትር ላይ አንዲት ፒክ አፕ መኪና በመንደሩ መገንጠያ ቆማ እንደ ነበረች የተናገሩ ሁለት ልጃገረዶች ነበሩ። መኪናዋ የአሰፋ ናት፤ አሰፋ በካራቆሬ የእርሻ ዕቃ ሱቅ ያለው፣ ዘርም የሚነግድ፣ ቀልድ የሚያበዛ ሰው ነው። ኢንስፔክተሩ ጀውሃ ላይ ከአንድ ምግብ ቤት ጥብስ ፊት አገኘው። አሰፋ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ካራቆሬ ሱቁ ውስጥ እንደ ዋለ ከመጠየቁ በፊት ተናገረ።

«ካራቆሬ በረዶ ወርዶ ነበር?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ጠብታ የለም። ፀሐይ ነበር እንጂ።»

«መኪናህን ታዲያ ማን ወቃት?»

አሰፋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የፒክ አፗ ኮፈንና ጣሪያ እንደ ወንፊት ተሰርጉዶ ፀሐዩ ላይ ያብለጨልጫል። ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰው።

«ጎበዝ ነህ» አለ። «ሚስቴ እንኳ እስካሁን አላየችውም።»

ከዚያ በኋላ እውነቱ ሳይጎተት መጣ። ሐሙስ አንድ ሰው ስሙን ሳይናገር ደውሎለት፣ ሠላሳ ሁለት ጣሳ አዲስ የሽንኩርት ዘር በግማሽ ዋጋ እንደሚሸጥለት፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በመገንጠያው እንደሚያስረክበው ነግሮት ነበር። አሰፋ ዓርብ የመጣው ቦታውን ቀድሞ ለማየት ነው፤ በረዶው እዚያው አገኘው። ቅዳሜ ሲደውል ግን ስልኩ ዝግ ነው። ኢንስፔክተሩ ቁጥሩን ወስዶ ለማርታ ሰጣት፤ የማን እንደሆነ ከቴሌ እስኪታወቅ አንድ ሌሊት ይፈጃል።

ወደ ሸዋ ሮቢት ሲመለሱ ኢንስፔክተሩ ነገሩን እያሰላ ይነዳ ነበር። ለቅዳሜ ላስረክብ ያለ ሰው ዘሩ ዓርብ ሲወጣ አላወቀም ማለት ነው። አንድን ዘር የፈለጉ ሁለት እጆች ነበሩ፤ የዓርቡ እጅ የቅዳሜውን ቀደመው።

«ጋሼ» አለች ማርታ፣ በስልኳ ያነሣችውን የግድግዳ ፎቶ እያሰፋች። «አይቆጡኝ እንጂ እርስዎ የድንጋይ ቤት ልጅ ነዎት።»

«ይህ ወንጀል ሆነ?»

«የውጭ ግድግዳ የሚመርገው ወንድ ነው። ጭቃውን ይወረውረዋል፣ በእጁ ጠፍ ጠፍ ያደርገዋል፣ ጭዱ ተንጨፍርሮ ይቀራል። ይህንን ግን ይዩት። ከጉድጓዶቹ መካከል ያለው ልስልስ ነው። በመዳፍ ታብሷል፤ እበትና አመድ ተለቅልቋል። እናቴ ጓዳዋን ስትመርግ እንዲህ ነው የምታደርገው።»

ኢንስፔክተሩ መኪናውን ከመንገድ ዳር አቆመ። ሠላሳ ወንድ በጁሙዓ ሰዓት የት እንደ ነበረ ቀኑን ሙሉ ሲጠይቅ ውሏል። አንዲት ሴት የት እንደ ነበረች አልጠየቀም። በራሱ ላይ ሳቀ፤ ሳቁ አጭር ነበር።

«ሌላም ነገር አለ» አለ። «የሚሰርቅ ሰው ይቆፍራል፣ ይወስዳል፣ ይሮጣል። ዝናብ አዝሎ በመጣ ሰማይ ሥር ቆሞ ቀዳዳ የሚደፍን ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ውስጥ የቀረው እንዳይረጥብ የሚፈልግ።»

«የሰው ማዳበሪያ፣ የሰው ማሾ እንዳይረጥብ የሚጨነቅ። ምርጊት ሳይቦካ አይያዝምና፣ ለሦስት ቀን የቦካ ጭቃ እጁ ላይ ያለው። የቅዳሜውንም ሰው ዕቅድ የሚያውቅ፤ ከዚያ ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር።»

በግራ እጅ የተቆረጠ ፓፓያና ያልጠና መደብ በዓይኑ ላይ መጡ። መኪናውን አስነሣ።

ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ ራቢዓ ደጃፋቸውን ጠርገው ጨርሰው ነበር። ኢንስፔክተሩንና ማርታን ሲያዩ መጥረጊያውን ከግድግዳው አስጠጉ እንጂ ለምን መጣችሁ አላሉም። ጁነይድ ውስጥ ተኝቷል። ጓሮው ውስጥ የጭቃው ጉድጓድ አጠገብ ሦስቱ ቆሙ። ማርታ የቴሌውን መልስ በኪሷ ይዛለች፤ ስልኩ በጁነይድ ስም የተመዘገበ ነው።

«እትዬ ራቢዓ፣ ዓርብ በረዶው ሲወርድ የት ነበሩ?»

«ቤት።»

«ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ሴትዮዋ እጃቸውን ከሻሻቸው አውጥተው እንደሚታይ ዕቃ ዘረጉት። በእጃቸው ጀርባና በክንዳቸው ላይ አራት ክብ ክብ የበለዙ ምልክቶች ነበሩ፤ ዙሪያቸው ወደ ቢጫነት ጀምሯል።

«ቤት ውስጥ በረዶ አይመታም» አለ ኢንስፔክተሩ በለሰለሰ ድምፅ።

«የምርጊቱ የላይኛው ከንፈር ገና ከግድግዳው ጋር አልተያያዘም ነበር» አሉ። «ጥዬው ልሂድ? ሊዘንብ ነው። የሰው ማዳበሪያ ነው ያለው።»

«እንዲያ ነው ያሰብኩት። ለምን እንዳወጡት ደግሞ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ወይዘሮ ራቢዓ ወደ ቤቱ በር አዩ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ድምፃቸውን አልቀነሱም። ረቡዕ ዕለት ወለሉን ሊለቀልቁ የልጃቸውን አልጋ ፈቀቅ ሲያደርጉ ሠላሳ ሁለት ጣሳ አገኙ። ዘሩ ያረጀ ነው፤ ጣሳው ላይ ግን አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ማንበብ ባይችሉም ሙጫው ገና ይሸት ነበር፤ ነገሩ ገባቸው። ጥሩው ይወጣል፣ የሞተው ዘር በቦታው ይገባል፤ ሠላሳ ሁለት ቤት የችግኝ መደቡን አጠጥቶ አጠጥቶ የማይበቅል ነገር ሲጠብቅ የመስኖው ወራት ያልፍበታል።

«ልጄን ለፖሊስ ልስጠው? አልቻልኩም። ዘሩን ከእሱ ልሸሽገው አልኩ። ሰኞ ማኅበሩ ሊያከፋፍል ሲሰበሰብ ተሸክሜ ወስጄ መካከል ላይ ላስቀምጠው ነበር፤ እሱም ያይና ያፍራል ብዬ። በረዶው ቅዳሜ በሩን ያስከፍታል ብዬ ማን ነግሮኝ?»

«አሊዪ ሲታሰርስ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሰበሩ። «ሁለት ቀን አፌን ልከፍት ስል ልጄ ከፊቴ ይቀመጣል።» ከዚያ ቀና አሉ። «እሱን ምን ታደርጉታላችሁ?»

ኢንስፔክተሩ የሚያባብል ቃል አልፈለገም። «ይጠየቃል። እርስዎም ይጠየቃሉ፤ አልዋሽዎትም። አሊዪ ግን ሦስት ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት ይቆማል። ኢልሀም ደጅ ትቆማለች። ካራቆሬም ሆነው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።»

ጓሮው ውስጥ አንዲት ዶሮ የደረቀውን ጭቃ ትጭር ነበር። ወይዘሮ ራቢዓ እስክታልፍ ጠበቁ። ከዚያ ከአጥሩ ላይ ዶማውን አነሡ፤ ማርታ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ስትል ኢንስፔክተሩ በዓይኑ አቆማት። ሴትዮዋ ወደ ቤት ገቡ፤ እነሱም ተከተሏቸው። በበለዘው እጃቸው ዶማውን ከፍ አድርገው የአዲሱን መደብ ፊት መቱት። በሦስተኛው ምት የጣሳ ክዳን ብልጭ አለ።

ጁነይድ ከጓዳው ደጃፍ ላይ በሸርጥ ቆሞ ነበር። ጣሳዎቹን አየ፤ እናቱን አየ።

«እማዬ...»

ወይዘሮ ራቢዓ አልዞሩም። ተንበርክከው ጣሳውን ከጭቃው ውስጥ እያወጡ በሻሻቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

«የአንተንም ከአልጋህ ሥር አውጣቸው» አሉት።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በአሊዪ ስም የተጠየቀ የጊዜ ቀጠሮ አልነበረም። ኮማንደሩ መዝገቡን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ስለ ሐጅ ቃሲም አዲስ ጫማ በተጻፈው መስመር ላይ ጥቂት ዘግይቶ፣ ፈረመ። ከአልጋው ሥር የወጡት ጣሳዎች ታሽገው በኤግዚቢትነት ተያዙ፤ የደኅናው ዘር ፎቶ ተነሥቶ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ጁነይድ ታሰረ፤ የእናቱን ዓይን አላየም። ኢልሀም ከበረንዳው ላይ ሆና ወደ ካራቆሬ ስልክ ደወለች፤ የተናገረችው ሁለት ቃል ብቻ ነው። «አባቴ ወጥቷል።»

የወይዘሮ ራቢዓ ጉዳይ ቀረ። የማኅበር ግድግዳ ሰብረዋል፤ ንብረት አውጥተዋል፤ ምክንያቱ ምንም ቢሆን ቃላቸው በወረቀት ሰፍሯል፤ የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ነው። እስከዚያው በዋስ ሊለቀቁ ይችላሉ፤ ዋስ ግን ያስፈልጋል። ኢንስፔክተሩ ከመንደሩ ተከትሎ የመጣውን ሰው ዙሪያውን አየ። የኮሚቴው አባላት የጫማቸውን ጫፍ ይመለከታሉ። የሴትዮዋ ውለታ ገብቷቸዋል፤ ይሁን እንጂ ልጃቸው ሊያደርግባቸው የነበረውም አልጠፋቸውም።

አሊዪ በዚያ ሰዓት እስር ቤት ሲገባ የተወሰደበትን ቀበቶ እየታጠቀ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ወደ ቦታው እያንጠለጠለ ነበር። ጨርሶ ወደ ጠረጴዛው መጣ።

«እኔ እሆናለሁ።»

ጸሓፊው ብዕሩን አንሥቶ ኢንስፔክተሩን አየው። ኢንስፔክተሩ ዘበኛውን አየው። «በእሳቸው ምክንያት ሁለት ሌሊት ታስረሃል፣ አሊዪ። ዋስ የምትሆንበትን ምክንያት ልጻፍ?»

አሊዪ ወደ ወይዘሮ ራቢዓ ዞረ። ሴትዮዋ ራሳቸውን አቀርቅረው ነበር።

«ሥራ አለባቸው» አለ። «ሰው የማኅበሩን ዘበኛ እንደዚያ ዓይነት ወንፊት ፊት አቁሞ አይሄድም። ግድግዳዬን አልጨረሱልኝም።»

ወይዘሮ ራቢዓ ቀና ብለው አዩት። ኢንስፔክተሩ የአሊዪን ቃል እንዳለ አስጻፈ። ጸሓፊው የቀለሙን ሳጥን ከፍቶ ለአሻራ ወደ ሴትዮዋ ሲገፋ ግን መጠበቅ ነበረበት፤ በጣታቸው ላይ ከመደቡ የቀረ ጭቃ ነበርና መጀመሪያ ደጅ ወጥተው ከቧንቧው ታጠቡ።